አንጎል የለበሰው ልብስ

ጆሮዬ መድከሙን ከእኔ ቀድመው ያወቁት ጨርሶ የማይሰሙ ሰው ናቸው።

ሲያትል አጠገብ ሬንተን ከተማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት እየተመላለስኩ እንከባከብ ነበር። በጉልምስናቸው እዚያው ሬንተን በአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጥረው የአውሮፕላን ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ሲያያይዙ ኖረዋል። ቆርቆሮው የሚያያዝበትን ምስማር የሚመታው መሣሪያ ጩኸት ጆሯቸውን ቀስ በቀስ በልቶት እኔ የደረስኩባቸው ምንም ሳይቀራቸው ነው። የጆሮ ማዳመጫቸውን መሳቢያ ውስጥ ጥለውታል። «ዝም ያለ ነገር ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ምን ላደርግ?» ይላሉ። ከንፈር ያነባሉ፤ እኔ ባማርኛ እያሰብኩ በእንግሊዝኛ ስናገር እንኳ ከንፈሬን ማንበብ ችለዋል። ትልቅን ሰው በስም እየጠሩ «ተነሥ፣ ብላ» ማለት አፌ እምቢ ስላለኝ በመጀመሪያው ሳምንት «አባባ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸውና ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቁርሳቸውን ሳሰናዳ ጠረጴዛውን በእጃቸው ደበደቡት። ዞር ስል በጣታቸው ምድጃውን ያሳዩኛል። ማንቆርቆሪያው እንፋሎቱን ይተፋል።

«ያ ዕቃ ሲፈላ ያፏጫል ብለሽኝ አልነበረም?» አሉ።

ያፏጫል። ወደ እሳቸው ስዞር ማንቆርቆሪያው ከግራዬ ወደ ቀኜ መጥቶ ኖሮ ፉጨቱ ያኔ ነው የተሰማኝ፤ ቤቱን ሞልቶታል። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ሳለ ግን፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ ሲጮህ፣ ምንም አልሰማሁም።

«ግራሽ ነው» አሉኝ፣ በእጃቸው የራሳቸውን ግራ ጆሮ እየነኩ። «ሰሞኑን ሳወራሽ ፊትሽን ታዘነብያለሽ። እኔም ስጀምር እንደዚህ ነበርኩ። ሐኪም ጋ ሂጂ።»

ራስ ምታቱ ግን ከዚያ በፊት ነበረ። የዚያን ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው የመጣው። ጠዋት ስነሣ ራሴን በጠባብ ቆብ ውስጥ የጨመቁብኝ ይመስለኛል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ትንሽ ይለቀኛል፤ በማግስቱ እንደገና ይመጣል። ፌደራል ዌይ ከተማ ቤታችን አጠገብ ያለው ክሊኒክ መጀመሪያ ማይግሬን ነው አሉኝ፤ ቀጥሎ ሳይነስ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሥራ በዝቶብሽ ነው፣ እረፍት ውሰጂ አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ራስ ምታት የሌለበት ሰው ማን አለ? እኔም ኪኒኑን እየዋጥኩ፣ እሑድ እሑድ ጸበሉን እየጠጣሁ ሥራዬን ቀጠልኩ። አባባ ከተናገሩኝ በኋላ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ጆሮሽ ጤነኛ ነው፣ የደከመው ከጆሮው ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ነውና ፎቶ ያስፈልግሻል ብሎ ቀጠሮ ያዘልኝ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ተራራው ሁለት ሆነ።

ከሬንተን ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠርቶ ነበርና ሬኒየር ተራራ ከመንገዱ ማዶ ከነበረዶው ወጥቶ ቆሟል። እዚህ ሀገር ሰው ሁሉ እንደዚያ ባለ ቀን «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» ይባባላል፤ ስንት ዓመት ኖሬም ባየሁት ቁጥር ዓይኔን ይሰርቀኛል። ያን ቀን ቀና ስል ሁለት ናቸው። ጎን ለጎን፣ እኩል ቁመት፣ እኩል በረዶ፣ እንደ መንታ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። «እንዴት ያምራሉ!» ነው ያልኩት። ቀጥሎ ከፊቴ የሚሄደው የጭነት መኪናም ሁለት መሆኑን አየሁ፤ የመንገዱ መስመርም ሁለት ሁለት ሆኗል። አንድ ዓይኔን ስጨፍን አንድ ተራራ፤ ስከፍት ሁለት። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀኜን ይዤ፣ እየተንፏቀቅኩ በመጀመሪያው መውጫ ወጥቼ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆምኩ። ባለቤቴን ኮል አደረግሁት።

«ሁለት እያየሁ ነው» አልኩት።

«ምን ሁለት?»

«ሁሉንም ነገር።»

እሱ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በመንገድ ጉዳይ አይቀልድም። «ፓርክ አድርገሻል? ቁልፉን አውጪው። ኦኬ፣ ከመኪናው ውጪና ተቀመጪ፤ መጣሁ።» ጓደኛው በመኪናው እያከነፈ አደረሰውና የእኔን መኪና ራሱ እየነዳ ሲያትል ኮረብታው ላይ ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ቀይ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር እጄን እየነካ ይለቀዋል።

ቀለም የሚሉትን መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጥተው ያን እንደ ቱቦ ያለ የፎቶ ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። ማሽኑ ሲደበድብ የምሰማው በቀኝ ጆሮዬ ብቻ ነበር። ግማሽ ራሴ ፋብሪካ ውስጥ፣ ግማሹ ገዳም ውስጥ ያለ ያህል ሆኖ ተሰማኝ።

በማግስቱ የነርቭ ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ጠቅልላ በእስክሪብቶ ወግታዋለች። ኮምፒዩተሩን ወደ አልጋዬ ገፋ አድርጋ «ማየት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ስክሪኑ ላይ ከጎን የተቆረጠ የሰው ጭንቅላት ወጣ። አፍንጫውን ሳይ ደነገጥኩ፤ የአባቴ አፍንጫ ነው። ማለት የእኔ ነው። ከአፍንጫው በስተኋላ፣ በዕድሜ ዘመኔ ያሰብኩት ሁሉ፣ የማስታውሰው ሁሉ፣ የጸለይኩት ሁሉ የተቀመጠበት ነገር፣ ተጣጥፎ ተጣጥፎ፣ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። እናቴ የሞተችበት ቀን እዚያ ውስጥ አለ። የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ እዚያ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዝም ማለቱ ገረመኝ። ለጊዜው መታመሜን ረሳሁት።

ሐኪሟ በጣቷ ዳር ዳሩን አሳየችኝ። አንጎሉን ዙሪያውን የከበበ ወፍራም ነጭ መስመር አለ፤ ቀለሙን ጠጥቶ ያበራል። «አንጎልና የጀርባሽ ነርቭ ሦስት ሽፋን አላቸው» አለች። «ሦስት ልብስ እንደ መልበስ ነው። ይሄ የላይኛው ነው። በጤነኛ ሰው በእርሳስ የተሰመረች ቀጭን መስመር ያህል ነው፤ ልብ ብለሽ ካላየሽ አታገኚውም። ያንቺ ተቆጥቶ አብጧል። ወደ ጆሮና ወደ ዓይን የሚሄዱት ነርቮች የሚወጡት ይህን ልብስ ቀድደው ነው፤ ልብሱ ሲወፍር ያንቃቸዋል።» ከዚያ ለእኔና አጠገቤ ለተቀመጠው ባለቤቴ የበሽታውን ረጅም ስም ነገረችን። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ እሷም በመጽሐፍ ከምታውቀው በቀር በዓይኗ ያየችው ከስንት አንዴ ነው።

እንግሊዝኛ ለሥራዬ የሚበቃኝ ያህል እችላለሁ። ለእንዲህ ያለው ነገር ግን ባለቤቴ አስተርጓሚ ይደወልልን ብሎ ነበርና አንዲት ሴት በስልክ ትተረጉምልን ነበር። እስከ ልብሱ ድረስ አሳምራ መጣች። የበሽታው ስም ላይ ስትደርስ ግን «ሐኪሟ የሚሉት... የአንጎል ሽፋን መቆጣት... እንግዲህ ማጅራት ገትር ነው» አለች።

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሣ። ማጅራት ገትርን እኛ ሀገር የማያውቀው የለም። ጠዋት ያመመው ልጅ ማታ የሚቀበርበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ አንዱ ቤት ከገባ ጎረቤቱ በሩን የሚዘጋበት ነው። «ልጄ!» አለ። «ልጄ ትናንትና አጠገቧ ነበረች እኮ! አብረን ነው የበላነው!» አፉን በሸሚዙ እጅጌ እንደ መሸፈን አደረገው፤ ወዲያው አፈረና እጁን አወረደ።

ሐኪሟ የፊታችንን መለዋወጥ አይታ «ምን ብለሽ ነው የተረጎምሽው?» ብላ ስልኩን ጠየቀች።

አስተርጓሚዋ አልዋሸችም። «በእኛ ቋንቋ ለዚህ ያለን ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያስፈራው ነው» አለቻት። «ቃል በቃል ስፈታው፣ አንገትን ከኋላው ይዞ የሚያደርቅ ማለት ነው።»

«ጥሩ ቃል ነው» አለች ሐኪሟ፣ ገርሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊው እስቲ» አለችኝ። ዝቅ አልኩ። ያለ ችግር ነካሁት። «አየሽ፣ ማጅራትሽ አልተገተረም። ያ በሽታ ከተሐዋስያን ነው የሚመጣው፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ያንቺ ግን ከማንም አልመጣም፣ ወደ ማንም አይሄድም። ቢሆንም ቲቢም ሆነ ሌላ ነገር አለመኖሩን አጣርቼ ነው የማረጋግጥልሽ።»

ለማጣራት ከጀርባዬ በመርፌ ፈሳሽ ቀዱ። ብልቃጡን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ገና ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ነው የሚመስለው፤ እንዲያውም ከውሃ ይጠራል። ነርሷ ይህ ውሃ አንጎልሽን ዙሪያውን ከቦ ያንሳፍፈዋል፣ አንጎልሽ በክብደቱ ራሱን እንዳይጎዳ ያደረገው እሱ ነው አለችኝ። ስሮጥ፣ ስሰግድ፣ ስወድቅ፣ ልጅ ሳዝል፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ውስጤ አንድ ትንሽ ኩሬ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ልጃችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታገላብጥ ቆየችና «ማሚ» አለችኝ፤ የቀረውን በእንግሊዝኛዋ ቀጠለች፤ የታመመው ሽፋን ስሙ በላቲን ጠንካራ እናት ማለት ነው፤ ከሁሉ ውስጥ ያለችው ደግሞ ርኅሩኅ እናት ትባላለች፤ በሁለቱ መካከል የሸረሪት ድር የሚመስል አለ።

«ሶ እስከ ዛሬ ጭንቅላትሽ ውስጥ ሁለት እናቶች ነበሩ» አለ አባቷ። «ለዚህ ነው ክርክር የማልችልሽ።»

ከገባን ጀምሮ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። እኔ ግን ሳቁ ካለፈም በኋላ ስሙን ስደጋግመው ዋልኩ። በጥንት ዘመን ማሽን የለ፣ ፎቶ የለ፤ የሰውን ራስ ከፍቶ አይቶ ያን ሽፋን «እናት» ያለው ሰው ምን ዓይነት ልብ ነበረው?

ሐኪሞቹ ከሽፋኑ ቁራጭ ወስዶ በማጉያ ማየት ያስፈልጋል አሉ። ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ በአንድ ዓይኔ ላይ ጨርቅ ተለጥፎልኝ ወደ ቤቴ ተላክሁ። በዚያ መሐል ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ባለቤቴ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረው፤ እሱም «ማጅራት ገትርን የሚመስል፣ ግን ያልሆነ» ብሎ ነበር። ወሬ ሲሄድ ግን «ግን ያልሆነ» የሚለውን መንገድ ላይ ጣለው። ሰዎቻችን ክፉ አይደሉም። ምግብ አመጡልን፤ በር ላይ አስቀምጠው፣ ደወሉን ደውለው፣ እኛ እስክንከፍት መኪናቸው ውስጥ ገብተው እጃቸውን ያውለበልቡልናል። ድስቱ ትኩስ ነው፤ በሩ ላይ ሰው የለም። በመስኮት ሆኜ እጄን አውለበልብላቸዋለሁ። እኔም ልጅ ይዤ ያን ስም ብሰማ ይህንኑ አደርግ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉ ተደወለ። ባለቤቴ ከፈተ፤ ሰው አለ። ሲያትል ሬኒየር ቫሊ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው አሮጊት ናቸው። በባቡርና በአውቶቡስ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ ከዚያ ድረስ ብቻቸውን መጥተዋል። ባለቤቴ ወንበር ሲስብላቸው ትተውት አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። ግንባሬን ሳሙኝ። ራሴን ሳብ አድርገው ደረታቸው ላይ አስተኙት፤ እጃቸው ማጅራቴን ይደባብሳል። ልብሳቸው የአውቶቡስና የዝናብ ጠረን ነበረው።

«ገና ሙሽራ ሳለሁ ያ በሽታ መንደራችን ገብቶ ነበር» አሉ። «በጋ ነበር፤ አቧራው። የባለቤቴ እህቶች ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ሳምንት ታመሙ። ሰው ሁሉ ሸሸ። ያጠብኳቸው እኔ ነኝ፤ ያበላኋቸውም እኔ። አንደኛዋ ተረፈች፤ አሁን አያት ናት። አንደኛዋ እጄ ላይ አረፈች።»

«እማማ» አልኩ፣ ከደረታቸው ቀና ለማለት እየሞከርኩ፣ «የእኔ እኮ አይተላለፍም። ሐኪሞቹ አረጋግጠዋል።»

ጭንቅላቴን መልሰው አስተኙት።

«እኔ መች ጠየቅኩሽ?» አሉ።

አጥሚቱን በማንኪያ አጠጥተውኝ፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ባለቤቴ በመኪና ላድርስዎት ቢላቸው «ከእሷ ጋር ሁን» ብለው በመጡበት ተመለሱ። በሩ ሲዘጋ ነው የገባኝ፤ እኚህ ሴት ይተላለፋል ብለው ነው የመጡት። ያንን ያህል መንገድ ሞት አለበት ወዳሉት ቤት መጥተው፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ ትንፋሼን ከትንፋሻቸው ቀላቅለው ሄዱ። ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ፔርሙዙን እያጠበ ነበር፤ ውሃውን ሳይዘጋው ብዙ ቆመ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ከግራ ጆሮዬ በላይ ፀጉሬን ላጩ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም፤ የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሰው ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁ ከፊቱ ይልቅ ወጣት የሚመስል ሐኪም ነው አለኝ። ከአጥንቱ ትንሽ መስኮት ከፍቶ፣ ከሽፋኑ ቁራጭ ወስዶ፣ መስኮቱን መልሶ ዘግቷል። ባለቤቴ «ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙም «ጤነኛው ቀጭን ነው፤ ከሥሩ ያለውን የደም ሥር ያሳይሃል። የእሷ እንደ ቆዳ ወፍሯል» አለው። ባለቤቴ ቀጠለና «ከሥሩ ያለውንስ አየኸው?» አለ። «አየሁት» አለ ሰውየው። «ከልብ ጋር አብሮ ይመታል። በየቀኑ አየዋለሁ፤ እስካሁን አልለመድኩትም።»

እኔ ይህን ስሰማ ራሴ በፋሻ ተጠምጥሞ ነበር። አንጎል ይመታል! ትንሽ ትንሽ፣ ከልብ ጋር እኩል። እጄን ፋሻው ላይ አድርጌ ለማዳመጥ ሞከርኩ።

ውጤቱ መጣ። ተሐዋስ የለም፤ ካንሰርም አይደለም። የሰውነቴ የራሱ ጠባቂዎች ሽፋኑን ከበው ሞልተውበታል። «ጠላት የመጣ መስሏቸው ነው» አለች ባለ እስክሪብቶዋ ሐኪም።

«ለምን መሰላቸው?» አልኩ።

«አላውቅም» አለች። «የፈለግሁትን ሁሉ መርምሬአለሁ። አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ማከም ግን እንችላለን።»

ብዙ ሐኪም አይቼአለሁ፤ «አላውቅም» የሚል ግን እምብዛም ነው። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ነው ያለችው። የሰው ልጅ አውሮፕላን አንሥቶ፣ የሰውን ራስ ከፍቶና ዘግቶ፣ መጨረሻው ላይ አንድ በር ፊት ሲደርስ እንዲህ ይቆማል ማለት ነው። ከዚያ ቃል በኋላ ይበልጥ አመንኳት።

መድኃኒቱ በደም ሥሬ ይገባ ጀመር፤ እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነቅቼ የሆነ ነገር እንደጎደለኝ ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ሳስብ ቆየሁ። ራስ ምታቱ ነው። ስንት ወር አብሮኝ ሲነሣ የኖረ ሕመም አልተነሣም። ለመንቀሳቀስ ፈራሁ፤ ብንቀሳቀስ ይሰማኛል ብዬ። ነርሷ ገብታ ዝም ብዬ ጣሪያ እያየሁ ሳለቅስ አግኝታ ደነገጠች።

መድኃኒቱ የራሱ መከራ አለው። ቤት ከተመለስኩ በኋላም በኪኒን ስለቀጠለ ፊቴ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። ለባለቤቴ ያስቀመጥኩትን ምሳ ራሴ እበላዋለሁ። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፣ በትንሽ ነገር አለቅሳለሁ። ልጄ ስትስመኝ በእንግሊዝኛዋ ጉንጭሽ ለስልሷል ትለኛለች። ዓይኔ በሳምንታት ውስጥ ተስተካክሎ ጨርቁን ጣልኩት። ጆሮዬ ግን ዝም እንዳለ ቀረ። የነርቭ ነገር ቀስ ይላል፣ ምናልባትም ላይመለስ ይችላል ብለውኛል። እኔም እያመሰገንኩ ተቀብዬው ነበር። እንዲያውም አንድ ጥቅም አግኝቼበታለሁ፤ በቀኝ ጎኔ ተኝቼ ጤነኛውን ጆሮ ትራሱ ውስጥ ስቀብረው ዓለም ሁሉ ጸጥ ይላል። ባለቤቴ ማለዳ ለፈረቃው ሲነሣ አልሰማም፤ የጎረቤት ውሻ አልሰማም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደዚያው በቀኜ ተኝቼ ነቃሁ። የሆነ ነገር ይንሿሿል። ሩቅ፣ ደካማ፤ ደረቅ ቅጠል በቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት ያለ። ሕልም መሰለኝ። ዓይኔን ገልጬ ሳዳምጥ አለ። ቀኝ ጆሮዬን ይበልጥ ትራሱ ውስጥ ቀበርኩት፤ አሁንም አለ። ዝናብ ነው። የመስኮታችን አሸንዳ ላይ የሚወርድ የሲያትል ዝናብ፣ ስንሰድበው የምንኖረው ዝናብ፣ በግራ ጆሮዬ እየገባ ነው።

አልተነሣሁም። ከተነሣሁ የሚጠፋ መሰለኝ። ቀጥሎ አንድ ነገር ቸፍ ቸፍ ሲል ሰማሁ፤ የልጄ ነጠላ ጫማ ነው፤ ወደ ኩሽና እየሄደች ነው። ጠራኋት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አውሪ» አልኳት፣ ጀርባዬን እንደሰጠኋት።

«ምን ላውራ?»

በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ። ድምፅዋ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ እንደሚመጣ ዓይነት ነው፤ ቀጭን፣ ተንቀጥቃጭ። ግን የእሷ ነው።

«ምንም ይሁን። ዝም ብለሽ አውሪ።»

ግራ ገብቷት ቁርስ ምን እንደምትበላ፣ ወተት ማለቁን፣ ከጓደኛዋ ጋር መጣላቷን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነገረችኝ። እኔ በቀኝ ጆሮዬ ትራሱ ላይ ተኝቼ ሁሉንም ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይታ ነው መሰለኝ እየሮጠች መጥታ ከኋላዬ አቀፈችኝ። ገብቷታል።

ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የወፍ ድምፅና የሹክሹክታ ነገር በግራ በኩል አይገባኝም። ሰው በሚበዛበት ቦታ አሁንም ፊቴን አዘነብላለሁ። ለዚህም አባባ ናቸው መላ ያስተማሩኝ። ወደ ሥራዬ ስመለስ እኔ በሌለሁበት ሌላ ሴት ስትከባከባቸው ቆይታ ነበር፤ ደህና ሰው ናት፣ ግን ስታወራኝ ፊቷን ወደ ማጠቢያው ታዞራለች ብለው አማረሩ። ሁልጊዜ ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ፣ ብርሃኑ በሚናገረው ሰው ፊት ላይ ይሁን፣ ያልሰማሽውን ሰምቻለሁ አትበይ አሉኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

«ሲመለስ ምን ይመስላል?» አሉኝ።

ዝናቡን ነገርኳቸው። ነጠላ ጫማውን፣ የልጄን ድምፅ። ከንፈሬን ሳይነቅሉ እያዩ አዳመጡኝ። ስጨርስ «ዝናቡን እንደገና ንገሪኝ» አሉ። እንደገና ነገርኳቸው፤ አሁን ቀስ ብዬ፣ አሸንዳውንም ጠብታውንም አንድ በአንድ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ግን ፈገግ ብለዋል። «ትክክል ነው» አሉ። «ልክ እንደዚያ ነበር።»

አሁንም በየጥቂት ወሩ ሆስፒታል ሄጄ እነዚያን የሰውነቴን ጠባቂዎች የሚያስታግስ መድኃኒት በደም ሥሬ እወስዳለሁ። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ያ ነጭ መስመር ቀጥኗል፤ ከግራ ጆሮዬ በላይ ብቻ ትንሽ ወፈር ያለ ቦታ ቀርቷል። በሽታው ይመለስ ይሆን ብዬ ስጠይቅ ሐኪሟ ያንኑ የማምነውን ቃል ሰጠችኝ፤ «አላውቅም። ግን እየተከታተልነው ነው።» ፎቶውን በስልኬ እንዳነሣ ፈቀደችልኝ።

በዚያው ሳምንት ሬኒየር ቫሊ እማማ ቤት ሄድኩ። ሻይ ቀድተውልኝ ስለ ጤናዬ ሲጠይቁኝ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ይሄ አፍንጫዬ፣ ይሄ አንጎሌ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄ ጠፍር የመሰለውስ?»

«እሱ ነበር የታመመው።»

ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ሲያስጠጉ ፎቶው ተንሸራቶ ሌላ መጣ፤ በሌላ በኩል የተቆረጠ፣ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች እንደተዘረጋ መጽሐፍ የሚታዩበት። እጃቸውን ደንግጠው ሰበሰቡ።

«የኔም እንዲህ ነው?»

«አዎ፣ የእርስዎም።»

«ያቺ የሞተችብኝ ልጅም እንዲህ ነበራት?»

«ነበራት፣ እማማ።»

አማተቡ። ከዚያ ሻዩን ወደ ጎን አደረጉና ተነሥተው ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ መነጽራቸውን አመጡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ዓይናቸው ላይ አደረጉና «እስቲ ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለሽ አሳዪኝ» አሉኝ።